ቫዮሊን ሲሰማ የሚቆረጥ ፊልም

ፓንጋይ፣ ሃአፓይ ደሴቶች
ማርች 4፣ 1995

ወንድሜ ፌሌቲ፤

እንደምን ከርመሃል? የዘገየሁት ረስቼህ አይደለም፤ ጀርባዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ለቄሱ ልጅ ሠርግ የሚሆነውን ትልቁን ሰሌን ጀምረናል። ሴቶቹ ሁሉ ከጠዋት ጀምረን አዳራሹ ውስጥ ተደርድረን ስንጎነጉን እንውላለን፤ ወደ ማታ ቀና ለማለት ግድግዳ መያዝ አለብኝ። እማማ ደህና ናት። ጥርሷ አልቋል፣ ሳቋ ግን አላለቀም።

ካሴቶቹ በመርከብ ደርሰውልናል። ወደዳችኋቸው ወይ ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ አንዱን ወደድነው፣ አንዱን ጠላነው፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳናውቅ አለቀ።

የወደድነው ጥቁርና ነጩን ነው፤ ሰውዬው የገላ መታጠቢያ ገንዳ አናቱ ላይ ተሸክሞ ለአማቱ ሊያደርስ ከተማውን የሚያቋርጥበትን። ወሬ የለበት፣ እንግሊዝኛ የለበት። ዝናቡ ገንዳውን ሲሞላበትና ምን እንደከበደው ሳያውቅ ጉልበቱ ሲብረከረክ እማማ “ድፋው! ድፋው አንተ ሞኝ!” እያለች ስትጮህ፣ የአጎታችን ልጅ ሲያኦሲ ጄኔሬተሩ የፈነዳ መስሎት ከውጭ እየሮጠ መጣ። እኔ ግን የሳቅሁት እዚያ ላይ አይደለም። ሰውዬው ደጃፉ ደርሶ አማቲቱ በሩን ስትከፍትለት ገንዳውን አላስቀመጠም። መጀመሪያ ባርኔጣውን ሊያነሣላት ሞከረ። ሸክም የለመደ ሰው እንዲህ ነው፤ ከሸክሙ ሰላምታውን ያስቀድማል።

የጠላነው የወፍራሟን ሙሽራ ነው። ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ወንበሩ ይሰበራል፣ ከዚያ እነዚያ የማይታዩት ሰዎች ከት ብለው ይስቃሉ። ሌላ ወንበር፣ ሌላ ሳቅ። እኛ ቤት ማንም አልሳቀም። እማማ “ምነው፣ ወንበሩን የሠራው ማነው?” ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ ደልዳላ ናት፣ ቆንጆ ናት፤ መሳቅስ እንደ ሸንበቆ በቀጠነው ባሏ ነበር። እነዚያ የማይታዩት ሳቂዎች እነማን ናቸው? “አሁን ሳቂ” ብሎ የሚያዘኝ ሰው አልወድም። አዳራሹ ውስጥ የሚያዙኝ ይበቁኛል።

ያላወቅነው የሆቴሉን ነው። መቼም እኅትህ የማይገባትን እንዳታይ ብለህ፣ ስትቀዳ ጣትህን ቁልፉ ላይ አድርገህ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። እዚህ ብትኖርም አንድ ክፍል ውስጥ አብረን አናይም ነበር፤ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድም ከእኅቱ ጋር ተቀምጦ ሰዎች ሲሳሳሙ አያይም፣ በብልግና ቀልድ አብሯት አይስቅም። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ስለዚህ አልወቅስህም። ግን ከሆቴሉ ፊልም ያስቀረኸው ከአንድ መዝሙር አይረዝምም። ሰውዬው አበባ ይዞ ወደ አንድ ክፍል ይገባል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ጭው ይላል። ከዚያ ሱሪው ረጥቦ በመስኮት ይዘላል። መሐሉ ምንድን ነው? የሚነገር ከሆነ ንገረኝ። የማይነገርም ከሆነ፣ የሚነገር አድርገህ ንገረኝ።

ማስታወቂያዎቹን ግን አትቁረጥብን። እማማ ከሁሉም አብልጣ የወደደችው የውሻውን ምግብ ነው። “ውሻ በሳህን! ደግሞ ያማርጣል!” ትላለች፣ እንባዋ እስኪወርድ።

እኅትህ ሎሳሊኔ


ሜልቦርን
ኤፕሪል 16፣ 1995

የተከበሩ እትዬ ሎሳሊኔ፤

እግዚአብሔር ጀርባዎን ያቅናልዎት። የእማማን ሳቅ እዚህ ሆኜ የሰማሁት ያህል ነው።

ሥራዬ እንደ ሁልጊዜው ነው፣ አያስቡ። ከዚያ ወዲህ በላኩልኝ በሁለተኛው ደብዳቤዎ ስለ ፊደሌ መተለቅ ለጠየቁኝ፣ እስክሪብቶው ወፍራም ሆኖ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

የሆቴሉ ፊልም መሐሉ እንዲህ ነው። ሰውዬው አበባውን የያዘው ለታመመች አክስቱ ነበር። የክፍሉን ቁጥር ተሳስቶ ሲገባ አንድ ሽማግሌ ቄስ እግራቸውን በሞቀ ውሃ ነክረው ተቀምጠዋል። “ደግ አደረግህ ልጄ፤ ና ጸሎት ምራ” አሉት። ሰውዬው ጸሎት አያውቅም። አፍሮ ወደ ኋላ ሲል የውሃውን ሳፋ ረገጠ፣ ሱሪው ረጠበ፣ በር ያገኘ መስሎት በመስኮት ወጣ። ይኸው ነው። የቆረጥሁት በቄስ እንዳይሳቅ ብዬ ነው።

እኔ አሁን አሁን የምወደው የሚያወሩበትን ነው። ባልና ሚስት ድንኳን ሊተክሉ ወጥተው ፊልሙ እስኪያልቅ የሚነታረኩበት አለ፤ ድንኳኑ ሳይተከል ያልቃል። እንዲህ ያለውን ብሰማ አልጠግብም። ሩጫና መውደቅ የበዛበት ግን ያደክመኛል። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዶሪን በተቃራኒው ናት፤ ሰው ካልወደቀ ፊልም አይመስላትም። አጠገቤ ተቀምጣ “አሁን ወደቀ! አሁን ተነሣ! ወይኔ አሁን ደግሞ ኬኩ ላይ!” ትለኛለች። ልማዷ ነው። በየመሐሉ ሟች ባሏን ታነሣለች፦ “ይሄ ሞኝ ከእኔ ሃሮልድ ይሻላል። ሃሮልድ ጣሪያ ላይ ወጥቶ መሰላሉን ለጎረቤት አውሶ ነበር።”

ለገና እመጣለሁ ያልሁት ዘንድሮ የሚሆን አይመስለኝም። ሥራው በዝቷል። ለእማማ በቀስታ ይንገሩልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ፌሌቲ


ፓንጋይ
ጁን 20፣ 1995

ወንድሜ ፌሌቲ፤

ከአዲሶቹ ካሴቶች ጋር የመጣችው የመጨረሻዋ ደብዳቤህ ስድስት መስመር ነበረች፣ እሷም እርስ በርሷ የተደራረበች። የማይመጣ ሰው ምክንያቱን ያሳጥራል። ለእማማ “ሥራ በዝቶበት ነው” ብዬ ነገርኋት። “አይ ሥራ!” አለችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። በማግሥቱ ግን “ካሴት ልኳል ወይ?” አለች። ስለዚህ ብዙ አትዘን።

የሬሳ ሣጥኑን ፊልም ባትልከው ይሻል ነበር። ሣጥኑ ከመኪና ወርዶ ቁልቁለቱን ይንሸራተታል፣ ገበያ ያቋርጣል፣ ሰዎች እየሮጡ ይከተሉታል፣ እነዚያ የማይታዩት ደግሞ ይስቃሉ። እኛ ግን ተቀምጠን ቀረን። እማማ “ሟቹ ማነው?” አለች። ስሙ አልተነገረም። “እኅቱስ የታለች? አንድ ሰው እንኳ ለሐዘኑ ወገቡ ላይ ሰሌን አልታጠቀለትም?” አለች። ከዚያ አለቀሰች። ሲያኦሲ ካሴቱን አጠፋውና ለማናውቀው ሟች ተነሥተን መዝሙር ዘመርንለት። እንዲህ ያለ አስቂኝ ፊልም አይተህ ታውቃለህ?

የእኅትማማቾቹን ምግብ ቤት ግን ወድጄዋለሁ። ታላቂቱ የምትጋግረው ሁሉ ይቃጠላል፣ ታናሿ ደግሞ የተቃጠለውን ሁሉ ስም እየሰጠች እንደ አዲስ ምግብ ትሸጣለች። ማንም ማንንም አይሰድብም። ድካማቸው እውነተኛ ነው፤ ታላቂቱ ወንበር ስታገኝ እንዴት እንደምትቀመጥ አየሁላት፣ እንደ እኔ ነው የምትቀመጠው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሁለቱ ሴቶች ሳህን ሲያጥቡ ቆረጥህብን። ሳህን ማጠብ ነውር የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? የሽማግሌው ውሻ ሊያንቀላፋ ሲተኛም ቆረጥህ። በሌላ በኩል ደግሞ አስተናጋጁ ልጅቷን ጓዳ ውስጥ አስጠግቶ ሲስማት ምንም አልነካኸውም። ደግነቱ ሲያኦሲ ነዳጅ ሊጨምር ወጥቶ ነበር፤ እኔም ዓይኔን ወደ ሰሌኔ መለስሁ። ምነው ፌሌቲ፣ እንቅልፍ ጣለህ ወይ? ወይስ ሜልቦርን ውስጥ ውሻ ማንቀላፋቱ ነውር ነው?

ሥራው ከበዛብህ ዕረፍ። ካሴቱ ይቆየን።

እኅትህ ሎሳሊኔ


ፓንጋይ
ኦገስት 12፣ 1995

ፌሌቲ፤

ሰላምታው በኋላ ይደርሳል።

ሰሌኑ ማለቁን ምክንያት አድርጋ የቄሱ ሚስት ልትጠይቀን መጣች። ሴቶቹም አብረዋት መጡ። እማማ “ልጄ ከውጭ የላከው ፊልም አለ” ብላ ኮራች። ሲያኦሲ በእንግዶቹ መሐል ተቀምጧል፤ የአጎታችን ልጅ ስለሆነ ለእኔ እንደ አንተው ወንድሜ ነው። የዋና አስተማሪውን ካሴት ከፈትን።

መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ውሃ የሚፈራ የዋና አስተማሪ፣ እንዲህ ያለው ሐሳብ ደስ ይላል። እያንዳንዱን ትምህርት ከውሃው ውጭ፣ ወንበር ላይ ሆኖ ሲያስተምር የቄሱ ሚስት ጭምር ሳቀች። ከዚያ ገፍተው ጣሉት። ሲወጣ ልብሱ ውሃ ውስጥ ቀርቷል። ራቁቱን ነው ፌሌቲ፣ ሙሉ ለሙሉ። ከፊትም ከኋላም። በገንዳው ዙሪያ ሮጠ፣ ቢሮ ውስጥ ገባ፣ እዚያ አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ እሷም ብትሆን የለበሰችው ያን ያህል አልነበረም።

ሲያኦሲ ሊወጣ ተነሣ፤ በሩን የተጠቀለለው ሰሌን ዘግቶታል። በመስኮት ዘለለ። የቄሱ ሚስት ማራገቢያዋን ፊቷ ላይ አደረገች፤ ማራገቢያው ግን የተሸነቆረ ነው። ከሴቶቹ ተነሥታ ቴሌቪዥኑን የምታጠፋ አንዲት እንኳ ጠፋች። በዚያ መሐል እማማ “ይሄን ልጅ ብርድ ይመታዋል” አለች።

ከዚያ ወዲህ ሲያኦሲ እኔን ሲያይ መንገድ ይለውጣል። ቪዲዮውን ወደ ቤቱ ሊወስደው ነበር፤ እማማ ለምና አስቀረችው። አንድ ሰው ስለ እኅቱ ክብር ጥቂት ሰዓት ነቅቶ መቀመጥ ካቃተው ፊልም ባይልክ ይሻላል። ከዚህ ወዲያ አትላክ።

ሎሳሊኔ


ፓንጋይ
ኦገስት 27፣ 1995

ወንድሜ ፌሌቲ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ባለፈው የጻፍሁትን መልሼ ብወስደው ደስ ባለኝ፣ መርከቡ ግን ሄዷል። ይህ ምናልባት ደርሶ ቁጣዬን ያስታግስልህ።

ለራሳችን የሚሆን ትንሽ ሰሌን ጀምሬያለሁ። ጀርባዬ የሚታገሠኝ ግድግዳውን ሳይሆን ቴሌቪዥኑን ተደግፌ ስቀመጥ ሆነ። ቤቱ ጭር ሲልብኝ የእኅትማማቾቹን ምግብ ቤት ከፈትሁት፤ ላየው ሳይሆን ድምፁን ለጓደኝነት ብዬ። ጀርባዬን ሰጥቼው እየጎነጎንሁ በጆሮዬ ብቻ ተከተልሁት።

ሳህን ማጠቡ ጋ ሲደርስ ቫዮሊን ጀመረ። ጀመረና ተቆረጠ።

ውሻው ጋ ሲደርስ ቫዮሊን። ተቆረጠ።

ተነሥቼ ሌሎቹንም አስገባሁ። ባለፈው ዓመት የላክሃቸው ሁሉ የተቆረጡት የሚቆረጠው ላይ ነው። የዘንድሮዎቹ ግን ቫዮሊን ባለበት ሁሉ ተቆርጠዋል፤ ቫዮሊን የሌለበት መሳም ሁሉ አልፏል። የዋና አስተማሪው ፊልም ውስጥ ቫዮሊን የለም። ሰው ራቁቱን ሲሮጥ የሚነፉለት ጡሩምባ ነው።

ስለዚህ እንቅልፍ አልጣለህም። ጣትህም ቁልፉ ላይ ነበር። እኔ ሳህን ስላጠቡ ሴቶች ሳሾፍብህ፣ አንተ ቫዮሊን ሲጀምር ሊሳሳሙ ነው ብለህ፣ አንዲት ቫዮሊን እንዳታመልጥህ ጆሮህን አቁመህ ተቀምጠህ ነበር።

ወፍራም እስክሪብቶ ያልኸኝን አመንሁ። የሚወራበት ፊልም ይሻለኛል ያልኸኝንም አመንሁ። ሴትዮዋ “ወደቀ፣ ተነሣ” የምትልህ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። አባታችን ስኳሩ ከጠናበት በኋላ የሚመጣውን ጀልባ በሞተሩ ድምፅ ነበር የሚለየው፤ እኛም ቀልድ እናደርገው ነበር።

ዓይንህ እንዴት ነው? ይህንን የሚነገር አድርገህ አትንገረኝ። እንዳለው ንገረኝ።

እኅትህ ሎሳሊኔ


ሜልቦርን
ሴፕቴምበር 19፣ 1995

ውድ ሎሳሊኔ፤

ዶሪን ነኝ፣ ወንድምሽ የሚኖርበት ቤት ባለቤት። አንቺ ልበልሽ። ስለ እናትሽና ስለ ውሻው ምግብ ይህን ያህል ከሰማሁ በኋላ እርስዎ ማለት አፌ ላይ አይመጣልኝም። እንግሊዝኛ ታነባለች፣ እቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው የተማረችው ብሎኛል። ጎበዝ። የእኔ ሃሮልድ ጋዜጣ ገዝቶም አያነብም ነበር።

መጀመሪያ እሱ የሚለውን ልጻፍልሽ፦ “ደህና ነኝ። ዓይኔን ትንሽ ጉም ጋርዶት ነው። ሐኪሙ ይጠራል ብሏል። ስለ ዋና አስተማሪው ፊልም እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።” ጻፍኩ። አሁን ሻይ ሊያፈላ ወጥ ቤት ገብቷል። ማንቆርቆሪያውን ዳብሶ እስኪያገኝ ጊዜ አለኝና የራሴን ልጻፍ።

ሐኪሙ ይጠራል አላለም። ስኳሩ ነው። ቀድሞ መምጣት ነበረበት አለ፤ ከዚህ ወዲያ የቀረችውን ማቆየት ከተቻለ እንጂ የሄደው አይመለስም። የቀረችው መስኮት ከግድግዳ የምትለይ ብርሃን ናት። ሥራ የለውም። ፌብሩዋሪ ላይ መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት እየነዳ የሽንኩርት ቁልል ውስጥ ገባ። ከሽንኩርቱ በቀር የተጎዳ የለም፣ ግን ከዚያ በኋላ ማን ያስነዳዋል። እኔ ቤት መጥቶ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ “ዛሬ ቶሎ ለቀቁን” አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ቶሎ ነው የለቀቁት።

ደብዳቤዎችሽን በማጉያ መነጽር ያነብ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ከቤተ ክርስቲያናችሁ አንድ ሽማግሌ መጥተው አነበቡለት። ቁጣሽን እስከ መጨረሻው ሰማ፣ “ልክ ናት” አለ። በሁለተኛው ግን አባታችሁ ጀልባውን በድምፅ እንደሚለይ ስትጽፊ “ይበቃል” ብሎ አስቆማቸው። የቀረውን እስካሁን አልሰማውም።

አገርህ ግባ ስለው የሚመልስልኝ ይህን ነው፦ “እኅቴ እጄን ይዛ ልትመራኝ አትችልም። ወደ መኝታዬ ልትገባ አትችልም። እናቴ አርጅታለች። ሄጄ እዚያ ግቢ ውስጥ እንደ ተገተረ ድንጋይ ልቀመጥ?” ይህ ሥርዓታችሁ ምን እንደሆነ አስረጂኝ። ልቆጣ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው። ፊልም ስናይ ሰው ሲወድቅ እነግረዋለሁ፣ ደስ ይለዋል። “አሁን ሊሳሳሙ ነው፣ ቁረጠው” ልለው ስል ግን እስከ ጆሮው ይቀላና “አይንገሩኝ ወይዘሮ ዶሪን፣ እባክዎ” ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ! አራት ልጅ የወለድኩ ሴት ነኝ፤ የት ያገኘኋቸው መሰለው?

መጣ። ሻዩ ግማሹ ሳህኑ ላይ ነው። በቃኝ።

ዶሪን


ፓንጋይ
ኦክቶበር 15፣ 1995

ውድ ወይዘሮ ዶሪን፤

ደብዳቤሽን መዝገበ ቃላት ይዤ ደጋግሜ አነበብሁት። እግዚአብሔር ይስጥሽ። የእንግሊዝኛዬ ስብራት ይቅር በይኝ። የሥርዓታችንን ነገር ለጠየቅሽኝ፣ እኛ ዘንድ ወንድም ለእኅቱ የሚሰጠው ክብር ነው። ለማስረዳት ሞከርሁ፣ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድሁት። እንደ ግድግዳ ነው። ይለያል፣ ቤቱም የቆመው በእሱ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለወንድሜ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት። መስመር ያሰመርሁበት ጋ ስትደርሺ አቁሚ። ከመስመሩ በታች ያለው ለአንቺ ብቻ ነው።

ፌሌቲ፤ ታላቅ እኅትህ ነኝ፣ ቃሌን መልሰህ አታውቅም። ለገና ና።

“ማን ይመራኛል” ብለሃል አሉ። ሲያኦሲ ይመራሃል፣ ገላህንም ያጥብሃል። ልጠይቀው ብሄድ እንደ ልማዱ ሊሸሸኝ ነበር፤ “ቁም፣ ስለ ዋና አስተማሪው ፊልም አይደለም” አልሁት። ነገርሁት። “ጄኔሬተር ማስነሣት ያስተማረኝ እሱ አይደለም ወይ?” አለኝ። ሌላ አልተናገረም፤ በማግሥቱ ግን ከቤታችን አጠገብ ያለውን የጎጆህን ጣሪያ ሲያድስ አገኘሁት። ግቢው ውስጥ እንደ ድንጋይ አትቀመጥም። ኮኮናት መላጥ ዓይን አይፈልግም፤ እጅህ ያውቀዋል። ገመድ መግመድም ዓይን አይፈልግም። ለማንም ሸክም አትሆንም።

የፊልሙንም ነገር አስቤበታለሁ። ቴሌቪዥኑን ከጎጆህ ግድግዳ ጋር አስጠጋነው። ግድግዳው የኮኮናት ቅጠል ነው፣ ድምፅ ያሳልፋል። አንተ ከወዲያ ትቀመጣለህ፣ እኔ ከወዲህ። አንድ ክፍል ውስጥ አይደለንም፣ ሥርዓቱ አልፈረሰም። ወሬውን አንተ ትሰማለህ፣ ጡሩምባውን አንተ ትሰማለህ፤ ዝም ሲሉ ደግሞ እኔ እነግርሃለሁ። የገንዳ ተሸካሚውን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እነግርሃለሁ፣ ባርኔጣውን ጭምር። የማይነገር ነገር ሲመጣ እግራቸውን ውሃ ውስጥ የነከሩ ቄስ አስገባለሁ። እሳቸው እዚያ ሆቴል እንዳልነበሩ ያን ጊዜም አውቄ ነበር። እስካሁን አንተ ዋሸህልኝ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።

እማማ ነገሩን ታውቃለች። አላለቀሰችም። “ታዲያ የውሻውን ምግብ ማን ይቀዳልናል?” አለች። ከዚያ “እሱ ራሱ ከመጣ ካሴት ምን ያደርጋል” አለች።

ና።

_______

ወይዘሮ ዶሪን፤ ከዚህ ወዲያ አታንብቢለት።

ሸክም አትሆንም ያልሁት ውሸት ነው። ይሆናል። እማማን ማንሣት ማስተኛት ጀምሬያለሁ፣ ጀርባዬ አልቋል፣ ሲያኦሲ ደግ ቢሆንም ሚስትና ልጆች አሉት። ጠዋት ስነቃ ገና ሳልነሣ ደክሞኝ ነው የምነቃው። ይህንን ለሰው ነግሬ አላውቅም፤ በራሴ ቋንቋ ልጽፈው አፍር ነበር፣ በእናንተ ቋንቋ ሲሆን የሌላ ሰው ይመስላል።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እማማ የምትስቀው ሰው ሲወድቅ ብቻ ነው። ሲያኦሲ የሚስቀው እማማ ስትስቅ ነው። እኔ የምስቅበት ላይ የሚስቅ ሰው እዚህ ቤት የለም። ከደብዳቤው እንደማየው ፌሌቲ የሚስቅበትና እኔ የምስቅበት አንድ ነው። ከልጅነታችን ወዲህ ግን ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ወንዶቹ ጋ ተቀምጦ ሲስቅ እደርሳለሁ፤ እግሬን ሲሰማ ያቆማል፣ ለክብሬ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳቅ ስደርስ ሲቆም ነው የማውቀው። ከግድግዳ ማዶም ቢሆን ሳይቆም አንድ ጊዜ ልሰማው እፈልጋለሁ።

ይህንን ቢያውቅ ያፍርብኛል፣ ደክሞኛል ማለቴን ቢሰማ ደግሞ አይመጣም። ስለዚህ ዝለይው።

ሎሳሊኔ


ሜልቦርን
ኖቬምበር 6፣ 1995

ውድ ሎሳሊኔ፤

ሁሉንም አነበብኩለት።

ተቆጪ፣ ግዴለም። መስመሩን አይቼዋለሁ፣ “አታንብቢለት” ያልሽውንም አይቼዋለሁ። ግን እኔ የእናንተ ሰው አይደለሁም፣ ጣቴም ቁልፍ ላይ አልነበረም። ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እሱ ከአንቺ ሲቆርጥ፣ አንቺ ከእሱ ስትቆርጪ አይቼ ሰልችቶኛል።

እንዴት እንደሰማው ልንገርሽ። ከመስመሩ በላይ ያለውን አንገቱን ደፍቶ ሰማ። “ና” ያልሽው ጋ ስደርስ “ግዴታዋ ስለሆነ ነው” አለኝ። “እኅት ምን ልትል ኖሯል።” አለመምጣቱ የተቆረጠ ነገር መሰለኝ። ያኔ ነው መስመሩን የተሻገርኩት።

“ደክሞኛል” የሚለው ጋ ስደርስ እጁን አነሣ። “ማነው ያለው? እሷ? እትዬ?” አለኝ። “አዎ፣ እሷ” አልኩት። “አባታችን ሲሞት ደህና ነኝ ነበር ያለችኝ። ቤቱን አውሎ ነፋስ ሲወስደው ደህና ነኝ ነበር ያለችኝ። ይድገሙልኝ እስቲ” አለኝ። ደገምኩለት። በእጁ ፊቱን ጠረገ። “ይቀጥሉ” አለኝ፣ ቀጠልኩ። እናታችሁ የምትስቀው ሰው ሲወድቅ ብቻ ነው ያልሽው ጋ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሲያኦሲ እናታችሁ ስትስቅ ነው የሚስቀው ያልሽው ጋ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ “ስለዚህ ዝለይው” ብዬ ስጨርስ፣ ሎሳሊኔ፣ ሳቀ። አንድ ዓመት አብሬው ፊልም አይቼ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም። ውሻዬ ተነሥታ ከክፍሉ ወጣች። “እኔ ቆርጬ ስልክላት፣ እሷ ቆርጣ ስትልክልኝ” ይላል፣ እንደገና ይስቃል፣ “አንድ ሙሉ ፊልም ሳናይ አረጀን” ይላል። እየሳቀ ነው ወይስ እያለቀሰ ለማለት እስኪቸግረኝ ድረስ።

ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት አለኝ፦ “እትዬ፣ ለገና እመጣለሁ። እኔም ደክሞኛል።”

ትኬቱን የቤተ ክርስቲያናችሁ ሰዎች ጨርሰውታል። ካሴቶቹን እኔ እየጠቀለልኩለት ነው። የወፍራሟን ሙሽራና የሬሳ ሣጥኑን ጣልኳቸው፤ እውነትሽን ነው፣ እኔም ወድጃቸው አላውቅም፣ የሳቅኩት እነዚያ የማይታዩት ሲስቁ ይሉኝታ ይዞኝ ነው። የድንኳኑ አለ። ለእናትሽ የውሻ ምግብ ማስታወቂያ ብቻ ያለበት አንድ ሙሉ ካሴት ቀድቻለሁ፤ ምንም አልተቆረጠበትም።

ሳቁ ምን እንደሚመስል ቀድሜ ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ። እንደ አሮጌ የውሃ ፓምፕ ነው። መጀመሪያ ሦስት አራት ጊዜ ይንፈራፈራል፣ የማይነሣ ይመስልሻል፣ ከዚያ ይነሣል፤ አንዴ ከተነሣ ማቆሚያ የለውም። ስትደርሺ ካቆመብሽ ከግድግዳው ማዶ ትንሽ ታገሺውና ስለ ባርኔጣው ንገሪው።

ዶሪን